ሳር ይዞ የተንበረከከው ወንድሜ

ከአርባ ምንጭ አጠገብ ካለችው መንደራችን ከላንቴ በወጣንበት ማታ፣ የአገር ሽማግሌ የሆነው አባታችን እኔንና ታላቅ ወንድሜን ምናሴን በጸሎት ሸኝቶ፣ «በሰው አገር ቁጣን በቁጣ አትመልሱ» አለን። ሞያሌንም የሞዛምቢክንም ጫካ ይህን ቃል ይዘን ተሻገርን። በደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ ስፓዛ የምትባል የቆርቆሮ ሱቅ ከፈትን። ሙዝ ፍሪጅ ውስጥ የሚያድርበት አገር ነው፤ እናንተ አርባ ምንጭ ያላችሁ፣ እዘኑልን።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሰዎች ብረትና ቤንዚን ይዘው መጡ። ምናሴ አልሸሸም። ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነጭቶ፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ መንገዱ መሀል ተንበረከከ። በጋሞ ምድር ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው ረግጦ የሚያልፍ ቁጡ የለም። ምናሴ የዘነጋው፣ ይህን ሕግ የምናውቀው እኛ ብቻ መሆናችንን ነው። በየጠዋቱ ከእኛ ዳቦ የሚገዛ ወጣት ሳቀበት፤ ባዕድን በሚሰድቡበት ቃል «መክዌሬክዌሬ» ብሎ በብረት መታው። የወንድሜ ግራ ዓይን ጠፋ፤ ሱቃችንም ነደደ።

ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን የተቀበለው ሳጅን «ድብደባና ቃጠሎ» ብሎ ጻፈ። ስድቡንም እንዲጽፍ ብለምነው ቀና እንኳ አላለም።

«ማይ ፍሬንድ፣ ብረት ብረት ነው። ዓይን ያጠፋው ስድቡ አይደለም።»

«ታዲያ አጠገባችን ያለውን የአገራችሁን ሰው ሱቅ ለምን ዘለሉት?»

«ዝግ ይሆናላ።»

ክፍት ነበር። የሚያጨሰውን ሲጋራ ራሱ የገዛው ከዚያ ነው።

በግል ጠብ የተሰነዘረ ብረት አንድ ሰው ያቆስላል። በትውልዱ ምክንያት የተሰነዘረ ግን በየሱቁ ፍርግርግ ኋላ የቆምነውን ሁሉ ይመታል። በደሉ ከከበደ ቅጣቱ ስለ ምን ይቀልላል? አሁን ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ፣ የታሰረው ልጅ ድብደባውን ካመነ የጥላቻው ነገር ቢቀር ይሻላል፣ በቶሎ ያልቃል ይለናል። ምናሴ ደክሞታል፤ ውሳኔውን ለእኔ ተወው።

ለአባቴ ደወልኩ። ቂም ቤት አይሠራም፣ ማሩት አለኝ።

«አባባ፣ እናንተ ሽማግሌዎች በዱቡሻ አደባባይ ለዕርቅ ስትቀመጡ፣ በደለኛው በደሉን በስሙ ሳይጠራ ዕርቅ ይወርዳል?»



«አይወርድም» አለ። «ግን ልጄ፣ ያ ልጅ እስር ስለረዘመበት በደሉን በስሙ ይጠራዋል?»

 ቢሆንም ሰኞ ችሎት ቆሜ ስድቡን እንደ ተሰደብነው እናገራለሁ አልኩት።

«ተናገር» አለኝ። «ልጁ በደሉን በስሙ የጠራው ዕለት ግን ደውልልኝ፤ ለዕርቁ እኔ እመጣለሁ።»

አባቴ ከጎረቤታችን ወረዳ ከምዕራብ ዓባያ ወዲያ ሄዶ አያውቅም።