ጉባኤው ሐይቅ ላይ የተቀመጠ ዕለት

የአካባቢያችንን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚመራው የሽማግሌዎች ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው ደሴ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ተራው የእኛ ሆነና ወደ ከተማችን ሐይቅ መጣ። እኔም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበርኩ።

ገና ሳይጀመር ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የአዳራሻችንን ቆርቆሮ ገነጠለው። እንግዶቹ በረንዳ ላይ ተጨናንቀው ሳለ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ።

“ምን ትጠብቃላችሁ? ወደኔ ቤት ግቡ እንጂ” አሉን።

ሳሎናቸው ሞላ። ሰብሳቢው አዛውንት ቄስ የጉባኤውን ታሪክ ሲያወጉን፣ በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ ተዘግተው ሽማግሌዎቹ በየሰዉ ቤት ተደብቀው ይሰበሰቡ እንደነበር አነሱ።

“እዚህም ከተማ አንድ ደግ ሙስሊም ቤታቸውን ሰጥተውን ነበር። ዛሬ ጠዋት ቤቱን ብፈልገው አጣሁት” አሉ።

ዳቦ ያድሉ የነበሩት ጎረቤታችን ቆም አሉ።

“አባቴ ነው፤ አላህ ይዘንለት። እናንተ ስትጸልዩ እሱ ደጅ ተቀምጦ መንገዱን ይጠብቅ ነበር። አሮጌውን ቤት አፍርሼ ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ።”

ቄሱ ተነሥተው አቀፏቸው። ብዙዎቻችን አለቀስን።

ጉባኤው ያን ዕለት ከአጀንዳው ሁሉ አስቀድሞ የወሰነው፣ ቆርቆሮው ተጠገነም አልተጠገነም፣ የሚመጣው ዓመት ስብሰባ እዚሁ ሐይቅ እንዲሆን ነው።