ግድግዳው ላይ የተገለበጠው መንገድ

የያዙን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በአንድ ወንድም ቤት መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንጸልይ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። ያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ለማረም የያዝኳቸው የሒሳብ ደብተሮች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። አንደኛው ጠባቂ አንዱን ደብተር አውጥቶ ገጽ በገጽ ካገላበጠ በኋላ መልሶ ሰጠኝ። ማንም አልተመታም፣ ማንም አልጮኸም። ሌሎቹን ወዴት እንደወሰዷቸው ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው።

እኔን ያስገቡኝ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ፣ መንገድ ዳር በቆመ ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ሦስት ጊዜ አከታትዬ አስነጠስኩ። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት «ይማርሽ» አለችኝ።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁለት ሰዎች አየሁ። ይማርሽ ያሉኝ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሙስሊም ሴት ናቸው። ከወሎ መጥተው ናዝሬት ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሲሆን፣ ወንድ ልጃቸው ስለጠፋ እሱ እስኪገኝ በእሱ ፈንታ ተይዘዋል። እማማ እላቸው ነበር። ሁለተኛዋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ሁለቱም እግሮቿ በተቀደደ ነጠላ ተጠቅልለዋል። ደብተሯ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኝቶባት እንደሆነና ከመጣች አምስት ቀን እንደሆናት እማማ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ቃል አልተናገረችም፤ ከውሃ በቀር የቀመሰችው ነገርም የለም።

እኔ የመጣሁት ለመከራ ተዘጋጅቼ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙዎቻችን መታሰራችን እንደማይቀር እናውቅ ነበርና፣ ቀኑ ሲደርስ እንዴት እንደምሆን አስቀድሜ አስቤበታለሁ። እጾማለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ በእንባ እጸልያለሁ። እንደዚያም አደረግሁ። ጠዋትና ማታ ተንበርክኬ አነባሁ። ለልጅቷም ስለ ጌታ ልነግራት ሞከርኩ። ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች። እማማ ሶላታቸውን ጨርሰው ሲያዩኝ፣ ትንሽ ብተዋት ይሻላል አሉኝ። ተውኳት፤ ለራሴ ግን ልጅቷ ልቧን አደነደነች አልኩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፣ ወደ መንገዱ የሚያይ። ከውስጥ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ከውጭ በኩል ደግሞ ከአሮጌ ጣራ የተነሣ ቆርቆሮ ተመቶበታል። የቆርቆሮው የድሮ የምስማር ቀዳዳዎች በቅጥራን ተደፍነዋል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከፍርግርጉ እስከ ቆርቆሮው አንድ ክንድ ያህል ይርቃል። ወሩ የናዝሬት ሙቀት የሚብስበት ወር ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል። በዚያ ሙቀት ከቅጥራኖቹ አንዱ ቀልጦ ወደቀ። መውደቁን ማናችንም አላየንም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ተንበርክኬ ሳለሁ እማማ «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀና ስል ከመስኮቱ ትይዩ ባለው፣ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ አንድ ፈረስ ይሄዳል። እግሮቹ ወደ ጣሪያ፣ ጀርባው ወደ ወለል ነው። ጋሪ ይጎትታል። ጋሪው ላይ ቀይ ሻርፕ ያሰረች ሴት ራሷ ቁልቁል ሆኖ ተቀምጣለች። ሻርፑ ቀይ መሆኑ በደንብ ይታያል። ከኋላቸው ሸንኮራ የጫነ ትራክተር መጣ፤ መጀመሪያ ድምፁን ከውጭ ሰማነው፣ ከዚያ ራሱ ተገልብጦ ግድግዳውን አቋርጦ አለፈ።

እማማ ጅን መሰላቸው። እኔ ራእይ ይሁን ሌላ ነገር ማወቅ አቃተኝ።

«ብርሃን ነው» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ልጅቷ ናት። ግድግዳው ሥር ስለተኛች ከሁላችንም ቀድማ አይታዋለች። ድምፁ የሻከረው ከብዙ ዝምታ ነው። «ቀዳዳ ተከፍቷል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከላይ የመጣው ከታች ያርፋል። ዘጠነኛ ክፍል ተምረነዋል። ቤተ ሙከራው ግን ጨለማ ስላልነበረ አልሠራልንም» አለች። ከዚያ ባርኔጣ ያጠለቀ አንድ ሰውዬ በአናቱ ቆሞ ሽንቱን ሊሸና ወደ ማዶው አጥር ሲዞር አየችና ሳቀች።

እማማም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አፌን በነጠላዬ አፍኜ፣ ትከሻዬ እየተናጠ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ወዲያው ደነገጥኩ። ጸሎት አቋርጬ ነው የሳቅሁት፤ ያውም ወንድሞቼ የት እንዳሉ ሳላውቅ። ለመንበርከክ ሞከርኩ፤ ግን ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም። እማማ በዝግታ «ሱብሃነላህ» ይላሉ፤ አሁን ፍርሃት የለበትም። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልለምን ጸለይኩ። ቃል አልነበረውም። ማየት ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን ልጅቷ እንጀራ በላች።

ሥዕሉ የሚመጣው የጠዋት ፀሐይ የመንገዱን ማዶ ስትመታ ነው፤ ወደ ስድስት ሰዓት ይደበዝዛል። ሦስታችንም ጠዋትን እንደ እንግዳ መጠበቅ ጀመርን። ልጅቷ ቲቸር ትለኝ ጀመር። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ስትጸልዪ ሁልጊዜ ለምን ታለቅሻለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለማስቀየም አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

በአራተኛው ጠዋት ግድግዳው ላይ፣ ማዶ ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት ሴት ቆማ አየን። አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛለች፤ አንድ ዘንጉ ተሰብሮ ጨርቁ ተንጠልጥሏል። በሌላ እጇ በፎጣ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ አለ። ልጅቷ ተነሥታ ተቀመጠች።

«እናቴ ናት» አለች።

ሴትየዋ ወደ በሩ ስትመጣ ከሥዕሉ ወጣች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች፤ ምሳ ዕቃው እንደተቋጠረ ነው። የለችም ብለዋት ነበር። ዛፉ ሥር እስከ እኩለ ቀን ቆመች። ልጅቷ አልተጣራችም። ብትጣራ እናቷንም እንደሚይዟት ታውቃለች። በተቀመጠችበት እጇን ዘርግታ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። የእናቷ መልክ በእጇ ጀርባ ላይ አረፈ። ሥዕሉ እስኪደበዝዝ እጇን አላነሣችም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ። ፀጉሯን እንድሠራላት ፈለገች።

«አታይሽም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። እኔ ግን አያታለሁ» አለች።

ሹሩባ ሠራሁላት። እማማ ከጥቅላቸው ውስጥ ንጹሕ ሻሽ አውጥተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ እየፈታሁ እሠራላት ነበር። እናቷ አንድም ቀን አልቀረችም።

ሦስተኛ ሳምንት ላይ፣ ፀጉሯን ግማሽ ሠርቼ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። የገቡት ሽማግሌው ዘበኛ ናቸው፤ አርሲ ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ልጅቷን ዕቃዋን ይዛ እንድትወጣ አዘዟት። ያ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ አራታችንም እናውቃለን። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልጅቷ አልተነሣችም። «አባባ፣ ቲቸር ፀጉሬን ትጨርስልኝ» አለች፣ በዝግታ፣ ቤቷ እንዳለች ሁሉ።

ዘበኛው ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ግቢውን አዩ። ከዚያ ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው «ታኢ» አሏት በኦሮምኛ፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ጀርባቸውን ሰጥተውን በሩ ላይ ቆሙ። ከውጭ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተጣራ። ሁለቱንም ጊዜ፣ እየመጣች ነው ብለው መለሱ። አምስት ጉንጉን ቀርቶኝ ነበር፤ አምስቱንም ጨረስኩ። እማማ ሻሹን አንገቷ ላይ አሰሩላት። ሁለታችንንም ሳመችንና ማንም ሳይደግፋት በራሷ እግር ወጣች።

ከዚያ ግድግዳው ላይ አየናት። ሁለት ሰዎች ወደ ቆመ ላንድሮቨር ሲወስዷት፣ እናቷ ዛፉ ሥር ነበረች። ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ፤ በእኛ ግድግዳ ላይ ግን ወደ ላይ ነበር የሄደው። ልጅቷ ቆም አለች፤ ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች። መኪናው ሄደ። ድምፁ ከራቀ በኋላም አቧራው ግድግዳው ላይ ለብዙ ጊዜ ይንሳፈፍ ነበር።

አልተመለሰችም።

እኔ ከሰባት ወር በኋላ ተፈታሁ። እናቲቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ቤቷ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አስቀመጠችኝ። «ያን ቀን አየኋት» አለች። «ፀጉሯ ተሠርቶ ነበር። ሰው አብሯት እንደነበረ በዚያ አወቅሁ። እስከ ዛሬ ያቆመኝ እሱ ነው።»

ስለ ቀዳዳው ነገርኳት። በየጠዋቱ ልጇ ታያት እንደነበር፣ ለእሷ ብላ ፀጉሯን ትሠራ እንደነበር ነገርኳት። ጨረስኩ ስል ግራ ገብቷት አየችኝ።

«እኔንም ተዘቅዝቄ?»

«አዎ። ከነጃንጥላሽ።»

ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያም አለቀሰች፤ ሁለቱ ተቀላቀሉባት። አላባበልኳትም። በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ዛሬ እኔም እማማን በዕድሜ አልፌያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ እስር ዘመኔ እንድመሰክር ሲጠሩኝ ሰዎች ለእንባ ይዘጋጃሉ። እኔ ስለ ፈረሱ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ምስክርነቱ መቼ ይጀምራል ብሎ ይጠብቃል። ደስታ ከመከራ በኋላ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ክፍል ግን ማናችንም ሳንለምነው፣ ነገሩ ሳይፈታ፣ በመካከል መጣ፤ ልጅቷንም አላዳናትም። ይህን እስከ ዛሬ አስታርቄ አልጨረስኩም። የተለወጠው ጸሎቴ ነው። ጠዋት ስነሣ ልመናዬን ከመጀመሬ በፊት ዓይኔን ሳልጨፍን ጥቂት እቀመጣለሁ፤ ፊቴ ያለውን ነገር አያለሁ።