ብቻውን የመጣ ቦርድ

ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር እዚህ ውጭ አገር ከቤታችን አጠገብ ወዳለው ቦው ወንዝ ወርጄ ነበር። በወንዙ ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱት የሰርፍ ክለቧ ልጆች ጣውላ የመሰለ ረጃጅም ቦርዳቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ከወደቀ ደህና ነኝ ለማለት እጁን ሳያወጣ ሌላው አይገባም። የልጅ ልጄ ተራዋ ደርሶ ገባችና ወደቀች። ቦርዷ ብቻውን ተንሳፍፎ መጣ። እጇን በዓይኔ ፈለግሁ።

ልጅ ሳለሁ ጣና ላይ የደንገል ታንኳችን ተገለበጠ። አጎቴ፣ «ታንኳውን እንዳትለቁ! ደንገል አይሰምጥም!» እያለ ጮኸ። እኔ ያዝኩ። ወንድሜ በዋና እወጣለሁ ብሎ ለቀቀ፤ በዚያው ቀረ።

እዚህ ግን እጇ ብቅ አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ለምን ለቀቅሽው?» አልኳት ዳር ስትወጣ።

«ኖ አባባ፣ ቦርዱን ከእግርሽ ጋር ያሰረው ገመድ ድንጋይ ላይ ስታክ ካደረገ ፈትተሽ ቦርዱን ልቀቂ ነው የክለቡ ሩል» ብላ ሳቀችና ተመልሳ ተራ ያዘች።

እኔ እንደሆነ «እንዳትለቁ» ያለውን አጎቴን ነው የማምነው። እንደገና እስክትገባ ከፊቷ የቀሩት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።