አልማዜ ሽማግሌ ያቆመችበት እሑድ

ከጦር ኃይሎች እስከ አስኮ ድረስ ጥሬ ሥጋ በሚቆረጥበት ቤት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው አረንጓዴ፣ እንባ የሚያስመጣ ዳጣ አብዛኛው ከአልማዜ እጅ የወጣ ነው። ቃሪያውን፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ባለው ቤቷ ራሷ ትፈጫለች። ማሽን ግዢ ሲሏት "ማሽን ያሞቀዋል፣ ጣዕሙ ይሞታል" ብላ ወደ ድንጋዩ ትመለሳለች። እጇ ቃሪያ ከመጥገቡ የተነሳ ልጇን ርሆቦትን ሕፃን ሳለች በክርኗ ነበር የምታባብላት።

እዚሁ ኮልፌ ተወልዳ እዚሁ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። አባቷ ከወላይታ በጭነት መኪና መጥቶ፣ ሰው የሚኖርበትን ቤት በቀን ሥራ ሲገነባ ዕድሜውን ጨረሰ። ባሏ ቀድሟት ሞተ። ርሆቦትን በዳጣና በወላይታ ቅቤ አሳድጋ ነርስ አደረገቻት። ስትስቅ ሰፈሩ ይሰማል፤ ስትቆጣ አስኮ ይሰማል።

በዚህ አገር ስለ አጼ ምኒልክ መነጋገር ቀርቷል፤ የቀረው መጮህ ነው። አንዱ ፎቶአቸውን ሚኒባሱ ላይ ለጥፎ በስማቸው ይምላል። ሌላው ሐውልታቸው ይፍረስ እያለ ስልኩ ላይ አረፋ ይደፍቃል። ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው እንኳ አልማዜ በር ላይ ቆሞ "አንቺ ቤትስ ምን ተረፈ?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ቢጠይቅ ትነግረው ነበር። በ1887 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወላይታን ሲያስገብር የሆነውን ከአባቷ ሰምታለች፤ አባቷም ከአባቱ። አንጁሎ የሚባል ቅድመ አያት ነበራት። ከዘመቻው በኋላ መሬቱ ለአንድ ዘማች ተሰጠና አንጁሎ በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆነ። ያመረተውን ያስረክባል፣ የጌታውን አጥር ያጥራል፣ ማር ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ከዚያ ጌታው ክርስትና አስነሣውና "ከዛሬ ጀምሮ ገብረአምላክ ነህ" አለው። ማንም ትፈልጋለህ ወይ አላለውም። ሚስቱ ግን እስኪሞት ድረስ አንጁሎ ብላ ነው የጠራችው።

አልማዜ በዚህ ታሪክ ሰው አስጨንቃ አታውቅም። የወንጌል አማኝ ናት፤ ጥምቀትንም አትጠላም። ታሪኩን እንደ ቤት ዕቃ አስቀምጣው ነበር፣ ሽማግሌ እስኪመጣ።

የመጡት ለርሆቦት ነው። ዳዊ የሚባል ልጅ ወዳው ወዷት፣ በእሷ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን አብረው እየዘመሩ ከርመው፣ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ላኩ። የዳዊ ወገኖች የሸዋ ሰዎች፣ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ የሃይማኖቱ ነገር ግን ቀድሞ ተነጋግረውበት አልቋል። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ነጭ ለብሰው ገቡ። እንደ ደንቡ "ተቀመጡ" ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። እንደ ደንቡ እናት ጓዳ ቀረች፤ ለቤቱ የሚናገረው የሟች ባሏ ወንድም ማኑሄ ሆነ። እሷ ያሳደገቻትን ልጅ ሌላ ሰው እንዲያስረክብ ማን ደነገገ? ተዉት፣ እሱ ሌላ ጊዜ።

ዝምድና እንዳይኖር ትውልድ መቁጠር አለ። ማኑሄ የወንድሙን ወገን ቆጠረ።

"በእናቷስ በኩል?" አሉ አቶ መኳንንት፣ የዳዊ አጎት። የሽማግሌዎቹ አፍ እሳቸው ናቸው።

ማኑሄ የአልማዜን አባት ጠራ፣ አያቷን ጠራ፣ ቅድመ አያቷ ላይ ሲደርስ "ገብረአምላክ" አለ። ደስ ይላቸዋል ብሎ ነው። ደስም አላቸው።

"ገብረአምላክ! ይኸው! የእኛው ስም አይደል እንዴ!" አቶ መኳንንት እጃቸውን አጨበጨቡ። "ምን ባዕድ አለን ታዲያ? የእኔ ቅድመ አያት ከአጼ ምኒልክ ጋር ዘምተው፣ ወላይታ ላይ መሬት ተሰጥቷቸው የተተከሉ ሰው ናቸው። ስንቱን ክርስትና አስነሥተዋል! ማን ያውቃል፣ የእናንተንም ገብረአምላክ እሳቸው አስነሥተውት ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ የመጣነው ራሳችን ቤት ነው ማለት ነው!"

ሳቁ። ማኑሄም አብሮ ሳቀ።

ልብ አድርጉ፤ ሰውየው ሊሰድቡ አልመጡም። ሊቀርቡ ነው። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ተሳዳቢ ቢያንስ ፊቱ ያለው ሰው እንደሚያመው ያውቃል።

አልማዜ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች።

"አንጁሎ ነው" አለች።

"ምን አልሽ ልጄ?"

"ቅድመ አያቴ። ስሙ አንጁሎ ነው። ገብረአምላክ ያለው መሬቱን የወሰደበት ሰው ነው።"

"አልማዜ፣ በእናትሽ ግቢ" አለ ማኑሄ።

"አንተ ዝም በል። ሰውዬውን እንደገና አሁን አንተ አጠመቅከው።"

አቶ መኳንንት ፈገግታቸውን አልጣሉም። "ልጄ፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። አገር ሲቀና..."

"ሲቀና? ምን ጎብጦ ነበር?"

"እኒህ ንጉሥ እኮ ስልክ ያስገቡ፣ ባቡር ያስገቡ፣ ትምህርት ቤት..."

"ያስገቡ! በስልኩ እየደወልኩ ነው፣ መቼ ካድኩ? እኔ ንጉሡን ልሰድብ አልወጣሁም። እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። መሬት ተሰጣቸው አሉ። የማን መሬት?"

አቶ መኳንንት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"የእርስዎ ቅድመ አያት የኛ ጌታ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ አልዋሽም። ግን እንደ አንጁሎ ካለ ሰው ተወስዶ ነው የተሰጣቸው። እሷን ቃል እዚህ ይበሉልኝና ልጄን ይጠይቁኝ። ካላሉ ግን ለእናንተ የምሰጠው ልጅ የለኝም።"

"እኛ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው እንጂ ችሎት ልንቆም አይደለም!"

"እንግዲያው ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም!"

"እሺ፣ ቆመው ያስቡበት።"

አቶ መኳንንት አላሰቡበትም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። መጨረሻ የወጡት አቶ ደግፌ የሚባሉ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ባለ ከዘራ ሰው ነበሩ። በሩ ላይ ዞር ብለው አልማዜን አዩአት።

ርሆቦት ከውስጥ እንደ ነብር መጣች። "እማ፣ የኔን ሠርግ የምኒልክ ጉዳይ አደረግሽው!"

"ምኒልክን እኔ ጠራሁ? እነሱ ናቸው ይዘውት የገቡት።"

"ሰው ምን ይላል? ቂመኛ ናት ነው የሚሉሽ!"

"ይበሉ። አንቺ ነገ ስትወልጂ የልጅሽን ትውልድ ማን ይቆጥርለታል? የዳዊ አጎት መኳንንት?"

"ዳዊ ምን አጠፋ እማ? ልጁ ምን አደረገ?"

እዚህ ላይ ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እኔም እመሰክራለሁ። አልማዜ ግን ልጇ እውነት ስለተናገረች ብላ ሐሳቧን አልቀየረችም። ማታ ዳዊ ራሱ ደወለ።

"ማዘር፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም።"

"እሱማ ነው ችግሩ፣ ልጄ። ምንም አላልክም።"

ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጥተው "ይቅር ማለት ነው እንጂ" አሏት። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሳይኖር ይቅር በይ የምትባል ሴት በዚህ ከተማ ስንት እንዳለች እግዜር ይቁጠራት! ማኑሄ ኩርፊያዋን በምስር ወጥ ሊያስረሳት ሞከረ፤ በላችለት፣ አልረሳችም። ዳጣ የምታስረክበው ባለ ሥጋ ቤት ዳባ ብቻ ነው ያሳቃት።

"አልማዜ፣ ምኒልክን ከሰስሽው አሉ!"

"ምስክር ትሆነኛለህ?"

"እኔማ የራሴ ፋይል አለኝ፣ ወፍራም ነው። ወረፋ ያዢልኝ።"

ስትስቅ ግን ዓይኗ ቀልቷል፤ ከቃሪያው እንዳልሆነ ዳባም አውቋል። ርሆቦት ሦስተኛ ቀኗ ነበር ቤት ውስጥ ሳታናግራት።

በሚቀጥለው እሑድ በሩ ተንኳኳ። አቶ ደግፌ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች አስከትለዋል። አቶ መኳንንት የሉም። ማኑሄ ሊቀበላቸው ሲንደረደር በከዘራቸው አስቆሙት።

"ዛሬ ከአንተ ጋር አይደለም ጉዳዬ። እናቲቱ ትጠራልኝ።"

አልማዜ ወጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

"ልጄ፣ ያኔ የሆነው ሆኗል። የበደለሽ ዘመን ነው" አሉ።

"አባቴ፣ ዘመን እጅ የለውም። መሬት የሚወስደው ሰው ነው።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደገፉት። ማኑሄ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማንም አላየውም።

"እኔ የመኳንንት አባት ወንድም ነኝ" አሉ። "ልጅ ሆኜ፣ የበዓል ሰሞን ከወላይታው መሬት ጢሰኞች ቅቤና ማር ተሸክመው ቤታችን ይመጡ ነበር። ደጅ ነው የሚቆሙት። አባቴ ሁሉንም 'አንተ' ነበር የሚላቸው። እኔም ሕፃኑ 'አንተ' እላቸው ነበር፣ ሽበታሙን ሁሉ። የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ስም ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም የለኝም።"

ሽማግሌው ቢያሳዝኗትም አልማዜ ከግማሽ መንገድ አላወጣቻቸውም፤ እስከ መጨረሻው እንዲሄዱ ተወቻቸው።

"መሬቱ ተወስዶ ነው የተሰጠን" አሉ። "እንደ አንጁሎ ካለ ሰው ተወስዶ። መኳንንት ይህን አይልም፣ 'የአባቶቼን አጥንት አላስወቅስም' ብሏል። እኔ ግን አልኩት፤ እነዚህም ሰሙ። አሁን ልጅሽን ለልጃችን እለምንሻለሁ።"

አልማዜ አላለቀሰችም፤ እጃቸውንም አልሳመችም። ወደ ውስጥ ዞራ "ርሆቦት!" ብላ ጮኸች። ልጅቷ ቀድሞውኑ መጋረጃው ሥር ነበረች። "ትፈልጊዋለሽ?"

"እማ፣ አሁን ይህ ጥያቄ ነው!"

"እንግዲያው ሰጥቻለሁ" አለች አልማዜ፣ ለማኑሄ ሳይሆን ለሽማግሌው። የሰጠችው እሷ ናት። ማኑሄ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሲያወራ "ሰጠን" ይላል፤ ይበል።

ሠርጉ ተደረገ። አቶ መኳንንት አልመጡም፤ ትልቅ ሰው ናቸውና ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ ያሏት ነበሩ። "በሬ ክፍት ነው፣ ምግብም አለ፤ እግራቸው ግን የራሳቸው ነው" ብላ መለሰቻቸው። አቶ ደግፌ የተቀመጡት ከሙሽራዋ እናት ጎን ነበር፤ ዳጣውን ቀምሰው እንባቸው ፈሰሰና አልማዜ እስክትነቃነቅ ሳቀች።

ርሆቦት እስከ ዛሬ፣ ስትናደድባት፣ "ሠርጌን ልታፈርሺው ነበር እኮ!" ትላታለች።

"አዎ" ትላለች አልማዜ። "ላፈርሰው ነበር።"