እህቴና እንጥል ቆራጩ አማቷ

እህቴ ያገባችው ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ የሚባል አገር ነው። አማቷ የታወቁ እንጥል ቆራጭ ናቸው፤ ልጅ ሳል ሲጠናበት «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይጠራሉ። የባሏንም እንጥል የቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ሳያነሱ የሚውሉበት ቀን የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ልጠይቃት ሄድኩ። ጡት የሚጠባው ልጇ ጉንፋን ይዞት ሰንብቶ፣ ትኩሳቱ ለቆት መሳቅ ጀምሮ ነበር። በደረስኩ ማግስት ትኩሳቱ ተመለሰ። ጡት አልይዝ አለ፤ ሲተነፍስ ከጎድኑ ስር ይሰረጎዳል። አማቷ ጊዜ አላጠፉም። መቁረጫቸውን በጨርቅ እንደጠቀለሉት ይዘው መጡ።

ደሜ ፈላ። ለመናገር አፌን ስከፍት እህቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ሙያ በልብ ነው። እሷ እኮ እንዲህ ናት፤ ከአማቷ ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጣ አታውቅም። ልጁን አንሥታ ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው።

«አያ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይታቀፉልኝ» አለች።

ታቀፉት። ልጁ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ያቃስት ጀመር። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን መቶ ቃል ተናግሬ ነገሩን አበላሸው ነበር።

«ምነው እንዲህ ይርገበገባል?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«እኔም እሱን ፈርቼ ነው። ጎንደር እስክናደርሰው እርስዎ ጋቢ ውስጥ ይሁን፤ እንዳይበርደው።»

መቁረጫው መደብ ላይ ቀረ። ሚኒባስ ውስጥ ሽማግሌው ልጁን ለማንም አልሰጡም።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን ተደረገለት። ሐኪሟ ለሽማግሌው በትዕግሥት አስረዳቻቸው፤ መጀመሪያ ቫይረስ ገብቶ ሳንባውን አደከመው፣ ባክቴሪያ ደግሞ ድካሙን አይቶ ተከተለ፣ አሁን ሁለቱም አሉ። ለባክቴሪያው መድኃኒት በመርፌ ይሰጠዋል፤ ቫይረሱን ግን ሰውነቱ ራሱ እስኪያሸንፈው ኦክስጅኑ ያግዘዋል። ስለ እንጥሉ ጠየቋት። እንጥሉ ጤነኛ ነው አለቻቸው። ልጁ ዳግመኛ ጡት የያዘ ለት እህቴ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

አማቷ ዛሬም ልጅ አሳለው ሲባል ይሄዳሉ። ጋቢያቸውን እንጂ መቁረጫቸውን አይዙም። ሕፃኑን ታቅፈው ትንፋሹን ያዳምጣሉ፤ ከተርገበገበ አስፋልት ዳር ወጥተው መኪና ያስቆማሉ።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ቀን ያወራሉ። «ጎንደር እንውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ» ይላሉ።

«እውነት ነው፣ አያ» ትላለች እህቴ፣ ልጇን እያቀበለቻቸው።