ዱባለና የ«በቂዮ» ነገር

ዱባለ የቡታጅራ ድንጋይ ፈላጮች አለቃ የሆነው ጉልበት ኖሮት አይደለም፤ አፍ ስለነበረው ነው። ጣሊያን ወደ እንሴኖ የሚወስደውን መንገድ ጠጠር ሊያለብስ ሰው ሲሰበስብ፣ «የሚናገርላችሁ ማነው?» ብሎ በእጁ ጠየቀ። ያን ቀን ሳይጠየቅ ይናገር የነበረው ዱባለ ብቻ ነበርና ሹመቱ እላዩ ላይ ወደቀ።

ሹመቱ ደግሞ ራስ ምታት ይዞ መጣ፤ የጋሽ ጀማሉን ነገር። ሽማግሌው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የጠጠር ክምሩ ለመለኪያ ከተተከለው ዱላ እኩል ያልደረሰለት ሰው ነገ እንዳይመጣ ይባላል፤ ጀማሉን ደግሞ የሚጦራቸው የለም፤ ልጆቻቸውን ጦርነቱ በልቷቸዋል።

«ወንፈል ነው» አለ ዱባለ። «እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ቅርጫት ጣሉላቸው።»

«ወንፈልማ ይመለሳል» አለ አበራ፣ ሪዙ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ። «ጋሽ ጀማሉ የኔን መቼ ሊመልሱ ነው? በሰማይ ቤት?»

«አንተ ስታረጅ ሌላው ይመልስልሃል።»

«እኔማ የአንተን ወሬ ስሰማ በአጭር ነው የምቀጨው!»

እያጉረመረመ ጣለ። ሌሎቹም ጣሉ፤ የጀማሉ ክምር ከዱላው አልፎ ሄደ።

አንድ ማለዳ ካፖው፣ ሥራውን የሚያዘው ጣሊያን፣ ጀማሉ ተቀምጠው ሲያርፉ አያቸው። «ቬኪዮ! ቬኪዮ!» እያለ በጣቱ ወደ ከተማው ጠቆመ።

የዱባለ ጆሮ የሰማው «በቂዮ» ነው። የካፖው አማርኛ እንኳን ቃል አጥንት ይሰብራል። «በቂ ነው ማለቱ ነው!» ብሎ ፈነደቀ። ታዲያ በቂ ከሆኑ ለምን ሂዱ ይላቸዋል? ዱባለ ራሱን አከከ። ሲያክ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። «በነሱ አገር የሚበቃውን ያህል የሠራ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይቀለባል ማለት ነው!»

ወሬው ቡታጅራ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ቀለቡ ላይ ሥጋ ተጨምሮበት ነበር። በማግስቱ ጀማሉ ቀለባቸውን ሊጠይቁ መጥተው ተቀምጠዋል፤ ካፖው ገና ብቅ ሲል አበራ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔም በቂዮ!» አለ። «እኔም!» «እኔም!» ካፖው ዞረበት።

የካፖውን ልብስ የምታጥበው ኡሚ ጨርቋን ተሸክማ ስታልፍ ሰማችና ሳቋ አመለጣት።

«ምን ነካችሁ እናንተ! ቬኪዮ እኮ ሽማግሌ ማለት ነው። ሽማግሌ ይባረር ነው የሚለው!»

የአበራ ደረት ተነፈሰ። ዱባለ ነገሩን በሆዱ አሰላው። «በቂዮ» ማለታቸውን ቢተዉ ጀማሉ ብቻቸውን ሽማግሌ ሆነው ይቀራሉ፤ ባይተዉ ሁሉም ሊባረሩ ነው። ደግሞስ ሽማግሌ ማነው? የእሱን የልደት ዓመት እንኳ እናቱ አንዴ አንበጣ የመጣ ጊዜ፣ አንዴ ከብት ያለቀ ጊዜ ስትል ሳትወስን ነው የሞተችው። ግራ እንደገባው ሄዶ ጀማሉ አጠገብ ዘጭ አለና፣ «ቬኪዮ» አለ።

«ኧረ ሚስት ሳላገባ አረጀሁ!» አለ አበራ፤ እሱም ተቀመጠ። የቀሩትም አንድ በአንድ ተከተሉ።

ካፖው ጮኸ። ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ። ያላለቀውን መንገድ አየ፣ የተቀመጡትን «ሽማግሌዎች» አየ፤ ከዚያ ቆቡን አራግፎ ሄደ።

«ዱባለ» አሉ ጀማሉ፣ «አሁን እኔ ተባረርኩ ወይስ አልተባረርኩም?»

«እኔስ ምን አውቄ ጋሼ! ለጊዜው መዶሻዎን ይያዙ።»

አበራ ተነስቶ ቅርጫቱን የጀማሉ ክምር ላይ ዘረገፈ። «ስሸመግል እንዲመለስልኝ ይታወቅ!»

«ቅድም ሸምግለህ የለም እንዴ?» አለው ዱባለ።