በሦስተኛው ቀን ያልታየው እርሾ

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ፣ በእርሾ መዝገቡ ገጽ 88 ላይ «ሦስተኛ ቀን» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። ልትሞላው የነበረችው ባህሪያ አባፊጣ በዚያ ጠዋት ከሰፈሯ ከሰቶ ሰመሮ ወደ ሥራ ስትመጣ መንገድ ላይ ወድቃ በዚያው አረፈች። ደም ግፊት ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ «ክፍሉ ይጽዳ» ተብሎ ታዘዘና ሁለቱ ፕሌቶቿ፣ ማለትም እርሾ የሚዘራባቸው ሳህኖች፣ ከነእርሾአቸው ተቀቅለው ተጣሉ። አይቶ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ያን አንድ ደቂቃ የሰጣት አልተገኘም።

ባህሪያ የደዶ ወረዳ ልጅ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት እርሾ ጠበቀች፤ በየቱቦው ላይ ስሙንና ቀኑን በገዛ እጇ ጻፈች። ከሁሉም አንዱን «ትንፋሸ አጭሩ» ትለው ነበር። ኮኤንዛይም ኪው የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሠራበት ጂን፣ ማለትም ዘረ መሉ፣ ተበላሽቶበታል፤ ያ ከሌለ ደግሞ ሚቶኮንድሪያው፣ ማለትም የሴሉ ምድጃ፣ አይነድም። ስኳር ከሰጡት እያብላላ ይኖራል። ግሊሰሪን ግን ያለ ትንፋሽ አይበላምና ምግቡ ላይ ተቀምጦ ይራባል።

ከዚያ ረቡዕ ቀደም ብሎ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከአዲስ አበባ የመጣችው ጽዮናዊት፣ ከሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያ ከተገኘ እርሾ ጤነኛውን ጂን ወስዳ ለትንፋሸ አጭሩ ሰጠችው። በግሊሰሪን ፕሌት ላይም ዘራችው። ጂኑ ከሠራ መብቀል ነበረበት፤ ምንም አልበቀለም።

አማካሪዋ ዶክተር አብሳሎም ጥፋተኛ ለማግኘት ሩቅ አልሄደም።

«አዴ ባህሪያ፣ ዕድሜ ነው፤ ማንም አይፈርድብዎትም» አላት ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «ቱቦ ተቀያይሮብኛል ብለው ይፈርሙና ነገሩ ይለቅ።»

«መነጽሬ እንጂ ቱቦ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

«እስከ ማክሰኞ በጽሑፍ መልስ ይስጡ። አለበለዚያ ማከማቻውን ለሌላ ሰው ያስረክባሉ።»

ባህሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መለያ አልሳተችም፤ አሁን ይህ ሰው አንድ ገጽ ሳይገልጥ ስሟን ሊያጠፋ ነው። ጽዮናዊትን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«እስቲ ፕሌትሽን አምጪው።» ከፍታ አሸተተችው። «ይሄ ምን ይሸታል?»

«ጽጌረዳ… መሰለኝ።»

«ግሊሰሪኑን ከየት አመጣሽው?»

«የቤተ ሙከራው አልቆ ነበር። ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ ለፊትና ለፀጉር የሚሆነውን። ኦሪጅናል ነው አለችኝ እኮ!»

«ወላሂ፣ እርሾውን ልትድሪው ነው እንዴ? ሽቶና ተሕዋስ የሚገድል ማቆያ የተጨመረበት ላይ ማን ይበቅላል? ጤነኛውስ የታል? ጎን ለጎን አልዘራሽውም?»

«ፕሌት አይባክን፣ ጤነኛው እንደሚበቅል ይታወቃል አሉኝ ዶክተር።»

ባህሪያ የሳቀችው ሳቅ የደስታ አልነበረም። ጤነኛው አብሮ ቢዘራ ኖሮ እሱም እምቢ ይል ነበር፤ ጥፋቱም የፕሌቱ መሆኑ በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር። በቁጠባ ስም የተዘለለችው አንዲት የጤነኛው እርሾ መስመር የእሷን ስም አስያዘች።

«አዴ፣ ማሎ» ስትል ለመነቻት ጽዮናዊት ዓይኗ እንባ እያቀረረ፤ «ስሜን አያንሱብኝ። ልመረቅ ነው።»

«ስምሽን ምን አደርገዋለሁ? የምጽፈው ያየሁትን ነው።»

እሑድ፣ ሰው በሌለበት፣ ከፋርማሲ ባመጣችው ንጹሕ ግሊሰሪን አንድ ፕሌት አዘጋጀች፤ ሌላውን በዚያው ሽቶ ባለበት። በሁለቱም ላይ ጤነኛውን፣ ትንፋሸ አጭሩንና ጂን የተሰጠውን ዘራች። ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት በንጹሑ ላይ ጤነኛው ብቅ ብሏል፤ በሽቶው ላይ እሱም የለም። ጂን የተሰጠው ገና ነበር። የሚዘገይ ነውና ሦስተኛ ቀን ያስፈልገዋል።

«እስከ ነገ ይታገሡኝ» አለችው ዶክተሩን።

«ማክሰኞ ማለት ማክሰኞ ነው፣ አዴ።»

ተቀምጣ መልሷን ጻፈች፤ ሁለት ገጽ። የታየውን በቀኑና በሰዓቱ አሰፈረች። ያልታየውን «ነገ ይታያል» አለችው እንጂ አላጋነነችም። ተቀያይሮብኛል የሚል ቃል የለበትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ወረደች። ወርቅዬ፣ የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ፣ ሻይ ልትጠጣ ስትነሣ ደረሰችባት።

«ነገ ብታመጪውስ?»

«ዛሬ አስገቢልኝ፣ እህቴ።»

ወርቅዬ ተመልሳ ተቀመጠች። ደብዳቤውን በገቢ መዝገብ ቁጥር 0417 ብላ አስገባችው፤ በግልባጩም ላይ ማኅተም መታችበት። ባህሪያ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ግልባጩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አመስግና ወጣች።